መቅሰምና መቅዳት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ስለ ወንዶች ልብስ አሠራር ያደረገው ንግግር)

ከእኔ በፊት የተናገሩት የቀድሞ ተማሪዎች ሐኪሞችና መሐንዲሶች ናቸው። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራዬ ሰው መለካት፤ ጨርቅ መቅደድና መስፋት ስለ ሆነ የማውቀውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ በማላውቀው ነገር ቃል ከማብዛት ስለ ኮት ጥቂት ልንገራችሁ። ነገሩ የኮት ይሁን እንጂ የእናንተንም ደብተር የሚነካ መሆኑን በመጨረሻው ታገኙታላችሁ።

ዛሬ ልብስ የሚያሰፋ ወጣት ወደ ሱቄ ሲመጣ በስልኩ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ያሳየኝና «ልክ እንደዚህ አድርገው ይስፉልኝ» ይለኛል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ልጁ ደግሞ አጭርና ደረተ ሰፊ ነው። ያ ሰው የቆመው በረዶ በሚወርድበት አገር ነው፤ ልጁ ግን በእኩለ ቀን ፀሐይ ታክሲ የሚጠብቅ ነው። እኔም «ይህን ኮት ለምን ወደድኸው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙዎቹ መልስ የላቸውም። መልስ ያለው ሲመጣ ግን እደሰታለሁ፤ የምንሠራው ኮት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርሱ መሆን ይጀምራልና።

ይህን ጥያቄ መጠየቅ የተማርሁት በውርደት ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀምጬ መርፌ መያዝና መተኮስ ተማርሁ። ከዚያም ቸኩዬ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። የኮት ቅድ ግን ገና ጠንቅቄ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ቁልፍ እንድተክልለት በሌላ ሰፊ እጅ የተሠራ እጅግ ያማረ ኮት ትቶልኝ ሄደ። ሌሊቱን በሩን ዘግቼ ኮቱን በወረቀት ላይ ዘርግቼ እያንዳንዱን ክፍል በእርሳስ ቀዳሁት። ጠዋት ኮቱን ለባለቤቱ መለስሁ፤ ወረቀቱ ግን ከእኔ ዘንድ ቀረ። ብዙ ዓመት የሚጠይቀውን ዕውቀት በአንድ ሌሊት ያገኘሁት ስለ መሰለኝ ደስታዬ ታላቅ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ሙሽራ የሠርጉን ልብስ እንድሰፋለት አዘዘኝ። ቁመቱንና ደረቱን ለክቼ፤ ያንኑ ወረቀት ጥቂት ሰፋ አድርጌ ሰፋሁለት። በሠርጉ ዋዜማ ለብሶት ከመስተዋቱ ፊት ሲቆም በቀኝ በኩል ኮሌታው ከአንገቱ ሸሽቶ፤ ከትከሻው ሥር ጨርቁ ተጨማዶ ታየ። ብተኩሰው አልቃና አለ፤ ቁልፉን ባዛውረው አልቃና አለ። እናቱ አብረውት መጥተው ነበርና «ምነው ልጄ፤ ልጄን አጣመምኸውሳ!» አሉኝ። ያን ሌሊት ኮቱን ስፈታ አደርሁ። የትከሻውን ስፌት ስፈታ ምስጢሩ ተገለጠልኝ። የዚያ ያማረ ኮት ባለቤት ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ሰው ኖሯል፤ ብልሁ ሰፊም ቀኙን ጐን ለእርሱ ብቻ ዝቅ አድርጎ ቀዶት ኖሯል። በዚያ ሰው ላይ ጥበብ የሆነው ነገር በእኔ ሙሽራ ላይ ጉድለት ሆነ። በስፌቱ ውስጥ የተረፈችውን ጨርቅ አውጥቼ፤ ትከሻውን እንደ ገና ለክቼ ሊነጋ ሲል ጨረስሁ። ኮቱ እጅግ ያማረ አልነበረም፤ ነገር ግን የሙሽራው ነበር።

በሌላው ሳምንት ወደዚያ ሰፊ ሱቅ ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ እርሳቸው ሳቁና «ኮቱን ቀዳህ እንጂ ሰውየውን አልለካህም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋም።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ይኸው ነው። መቅዳት ማለት ሌላው የሠራውን ነገር እንዳለ መውሰድ ነው። መቅሰም ማለት ግን ሌላው ለምን እንዲህ አድርጎ እንደ ሠራ መርምሮ ምክንያቱን መውሰድ ነው። ንብ ከአበባ ትቀስማለች እንጂ አበባውን ቀጥፋ ወደ ቀፎዋ አታስገባም። የሁለቱም መነሻ የሌላ ሰው ሥራን መውደድ ስለ ሆነ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ፍጻሜያቸው ግን ለየቅል ነው።

ይህንንም የልብስ ታሪክ ያስረዳናል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት በለንደን ከተማ ፍሬድሪክ ሾልቴ የሚባል፤ በትውልዱ ሆላንዳዊ የሆነ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ዓ.ም. ዙፋኑን ለለቀቀውና የዊንድዘር መስፍን ለተባለው ለኤድዋርድ 8ኛ ኮት ይሰፋ የነበረ እርሱ ነው። ሾልቴ የእንግሊዝ ክብር ዘበኛ መኮንኖች የሚለብሱትን ካፖርት ተመለከተ። ያ ካፖርት ወገቡ በቀበቶ ሲጠብቅ ጨርቁ በደረትና በጀርባ ላይ ዘና ብሎ ስለሚተርፍ የለባሹን ደረት ሰፊ፤ ወገቡን ቀጭን አድርጎ ያሳያል። ሾልቴ የወታደር ካፖርት ሰፍቶ ለሲቪል ሰው አላለበሰም። ቀበቶውንና የወታደር ምልክቱን ትቶ፤ ያንን የደረት መዝናናት ብቻ ወስዶ በተራው ኮት ውስጥ አገባው። የቀሰመው ምክንያቱን ነው፤ ወታደርነቱን ግን ለወታደር ተወለት።

ወደ ደቡብ ወደ ኢጣልያ ብንወርድ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ እናገኛለን። በ1930ዎቹ ዓመታት በናፖሊ ከተማ ጄናሮ ሩቢናቺ የሚባል የእንግሊዝን አለባበስ እጅግ የሚወድ ሰው ነበር። ፍቅሩ ከመብዛቱ የተነሣ የሱቁን ስም «ለንደን ሃውስ» ብሎ ሰየመው። ቅድ የሚያወጣለት ባለሙያ ቪንቸንዞ አቶሊኒ ይባል ነበር። የእንግሊዝ ኮት በዚያ ዘመን ወፍራም ሱፍ፤ በትከሻው ድልድል፤ በደረቱ ጠንካራ ሸራ፤ በውስጡም ሙሉ ገበር ነበረበት። ለለንደን ጭጋግና ብርድ ተስማሚ ነው። ናፖሊ ግን የባሕር ዳርና የሙቀት አገር ናት። አቶሊኒ የኮቱን መልክ ወደደ፤ ክብደቱን ግን ጠየቀው። ድልድሉን አወጣ፤ ገበሩን ቀነሰ፤ የእጅጌውን ራስ እንደ ሸሚዝ እጅጌ በጥቂት ሽብሽብ ተከለው። ኮቱም እንደ ሸሚዝ የሚቀልና ከሰውነት ጋር አብሮ የሚንቀሳቀስ ሆነ። ሱቁ የለንደንን ስም እንደ ያዘ ኮቱ የናፖሊ ሆነ ማለት ነው። ሩቢናቺና አቶሊኒ ለንደንን ቀድተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የናፖሊ ኮት የሚባል ነገር ባልኖረ፤ እነርሱም በሙቀት ውስጥ ያላባቸው እንግሊዞች ሆነው በቀሩ ነበር።

በዚህ ላይ ከእናንተ መካከል አንድ አስተዋይ ተማሪ ተነሥቶ «ታዲያ ጀማሪ ሳይቀዳ በምን ይማራል?» ቢለኝ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ፊደል ስንቆጥር «ሀሁ»ን እኛ አልፈጠርንም፤ የኔታን ተከትለን አልን እንጂ። ዳሩ ግን የቅኔውን ቤት አስቡ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፤ መንገዱን ያጠናል፤ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ይማራል። በማግስቱ ግን ያንኑ የመምህሩን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ተቀኘ አይባልም። መቅዳት የመግቢያ በር ነው፤ በደጃፉ ላይ ተቀምጦ የቀረ ሰው ግን ወደ ቤት ገባ አይባልም።

ከበሩ ገብተው ወደ ውስጥ ስለ ዘለቁት ሰዎች ጃፓንን ልጥቀስ። ኬንሱኬ ኢሺዙ የሚባል ጃፓናዊ «ቫን» የተባለውን የልብስ ድርጅት መሥርቶ በ1959 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዶ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አለባበስ ተመለከተ። ኮሌታው በቁልፍ የሚያያዘውን ሸሚዝና ትከሻው ለስላሳ የሆነውን ኮት ለአገሩ ወጣቶች አቀረበ። በመጀመሪያ ነገሩ ቅጂ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የቶኪዮ ኦሊምፒክ ከመድረሱ በፊት ይህን ልብስ ለብሰው በጊንዛ አውራ ጎዳና የሚሰበሰቡትን ወጣቶች ፖሊስ እስከ ማፈስ ደርሶ ነበር። ኢሺዙና ጓደኞቹ ግን በቅጂ አልቆሙም። እያንዳንዱ ልብስ መቼ፤ የት፤ ከምን ጋርና ለምን እንደሚለበስ መረመሩ። በ1965 ዓ.ም. ስለ አሜሪካ ተማሪዎች አለባበስ «ቴክ አይቪ» የተባለ የፎቶግራፍ መጽሐፍ በጃፓን ታተመ። ይኸው መጽሐፍ በ2010 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በአሜሪካ ሲወጣ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የአባቶቻቸውን አለባበስ ሊማሩበት ገዙት። ተማሪው ጠይቆ ስለ ተማረ በመጨረሻ አስተማሪ ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ የፈረንጅ ኮት ኮሌታ ላይ አንድ ስንዝር ጥለት ለጥፎ «የአገር ልብስ ነው» ማለት የተለመደ ሆኗል። እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ ገዥም አላጣሁም። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው ይህም ከአባቶቻችን መቅዳት እንጂ መቅሰም አይደለም። ጋቢ ለምን አራት ድርብ ሆነ? በድርቡ መካከል የሚቀረው አየር ሙቀት ስለሚይዝ አይደለምን? ነጠላ በኀዘን ጊዜ ለምን ተዘቅዝቆ ይለበሳል? የጥለቱ ቦታ ራሱ ስለሚናገር አይደለምን? ሸማኔው ያሰበበትን ነገር ሳንጠይቅ ጌጡን ብቻ ቈርጠን ብንወስድ፤ ያን ኮት በሌሊት ከቀዳው ከእኔ በምን እንሻላለን?

እኔ አሁን ከጋቢ የተማረ ኮት ለመሥራት እየሞከርሁ ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት ይበርዳል፤ ቀትሩ ይሞቃል። ስለዚህ ወፍራሙን ገበር አውጥቼ ቀጭን የሸማ ጨርቅ በድርቡ አደረግሁ። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ላላ ያለ ስለ ሆነ ዳሩ ይተረተራል፤ ሰፊ ትርፍም ይፈልጋል። ሦስት ኮት ሰፍቼ ሦስቱንም ፈትቻለሁ። አራተኛው ገና በጠረጴዛዬ ላይ ነው። ይሳካል ብዬ አልምልላችሁም፤ ነገር ግን ሲበላሽ ለምን እንደ ተበላሸ አውቃለሁ። የቀዳሁት ኮት ሲበላሽ ግን ይህን እንኳ አላውቅም ነበር።

ውድ ተማሪዎች፤ በመጨረሻ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ያን ኮት በሌሊት የቀዳችው እጄ መቅዳትን የለመደችው እዚሁ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የጂኦሜትሪ ፈተና ያለፍሁት ከጎረቤቴ ኮርጄ ነበር። መምህራችን አላዩኝም፤ ጓደኛዬም አልከሰሰኝም፤ ማርኩም ጥሩ ነበር። የኮት ቅድ ግን ከላይ እስከ ታች ጂኦሜትሪ ነው። ያልተማርሁት ትምህርት ብዙ ዓመት ጠብቆ፤ በአንድ ሙሽራ ትከሻ ላይ፤ በእናቱ ፊት አገኘኝ። ያንንም ትምህርት በሠላሳ ዓመቴ ደብተር ገዝቼ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመርሁት።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን። ሌላው የሠራውን ውደዱ፤ አድንቁ፤ ቀርባችሁም አገላብጡት። ነገር ግን ከመውሰዳችሁ በፊት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም ከመቅደዳችሁ በፊት ሰውየውን ለኩ።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ጠያቂ ተማሪዎችን ያፍራ።