ስምን የሚያስጠራ ማን ነው?

የመካነ ሰላም ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ሙያ ያለው ሰው ስሙን በጉግል ላይ ከፊት የሚያወጣለት ባለሙያ ይቅጠር ወይስ ይቅርበት የሚለው ነገር ለአዲስ አበባ ነጋዴ ብቻ የተተወ ለሚመስላችሁ፣ አስቀድሜ ከአበው ዘመን ጥቂት ላስታውስ።

ከዚህ ከወሎ ቦረና ወይም ከሳይንት ተነሥቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ ጎጃም የሚገባ የቆሎ ተማሪ፣ የቅኔ ጉባኤውን የሚመርጠው በመምህሩ ደጅ በተለጠፈ ጽሑፍ አልነበረም፤ በየመንገዱ ያገኘውን ተማሪ እየጠየቀ፣ ይልቁንም ራሱ ሊቅ የሆነ ሰው «ወደ እገሌ ሂድ» ያለው እንደ ሆነ ያን አንዱን ቃል ከዐሥር መንገደኛ ወሬ አብልጦ እየመዘነ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ይደርስ ነበር እንጂ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ጉግልን የመሠረቱት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን የተነሡበት ስልትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ አንድ ገጽ የሚከብረው ሌሎች ገጾች ሲጠቁሙት ሲሆን፣ የጠቋሚውም ክብር በምስክርነቱ ላይ ይመዘናል። ዛሬ መመዘኛው በዝቷል፤ ሥሩ ግን ይኸው ነው።

ምስክር ባለበት ሐሰተኛ ምስክር አይጠፋም። ጄ.ሲ. ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ታላቅ መደብር፣ ጉዳዩ በማይመለከታቸው በሺሕ በሚቆጠሩ ገጾች ላይ ጠቋሚ እንደ ተተከለለት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ኒው ዮርክ ታይምስ በገለጠ ጊዜ፣ ጉግል ከፊተኛው መዓርግ ወደ ኋላ ጣለው፤ መደብሩም «እኔ አላዘዝሁም» ብሎ የቀጠረውን ድርጅት አሰናበተ።

የእኅቴ ልጅ ባና ነጋዴ ነው። «በሦስት ቀን አንደኛ አደርግሃለሁ» ላለው ሰው 12,000 ብር ከፈለ፤ ሰውየውም ገጹን በራሱ ኢሜይል ከፍቶለት ኖሮ፣ በሒሳብ የተጣሉ ዕለት ፎቶግራፉም የደንበኛውም አስተያየት ከሰውየው ጋር ሄደ። አንደኛ የሚያደርግ ዋስትና ማንም ሊሰጥ እንደማይችል ጉግል ራሱ ጽፏል፤ የሥራውም ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚያስጠብቅ ይናገራል። የንግድ ቤትን በካርታው ላይ ማስመዝገብም በነጻ ነው። የቤቱን ቁልፍ ለአናጢ ትቶ የሚሄድ ሰው ግን እኛ ዘንድ አለ፤ ያውም ብዙ!

ታዲያ ቅጥረኛው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ እውነተኛ ሥራ አለውና። ፊደላችን ሞክሼ የበዛበት ስለሆነ፣ አንዱ «መካነ ሰላም» ሲል ሌላው በንጉሡ ሠ «መካነ ሠላም» ይላል፤ ሳይንትም አንድ ጊዜ በእሳቱ ሰ፣ አንድ ጊዜ በንጉሡ ሠ ይጻፋል፤ በላቲኑ ፊደልማ የከተማችንን ስም አጣብቆ የሚጽፈውም ለያይቶ የሚጽፈውም አለ። ወደ ደንቆሮ ጫካ እንግዳ እየመራ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚያሳይ ወጣት፣ ገጹን «የቦረና አስጎብኚ» ብሎ ቢሰይመው፣ ፈላጊው የሚያገኘው የኦሮሚያውን ቦረና፣ ግመሉንና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዱን ነው። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሰው ሲፈልግህ ምን ብሎ ይጽፋል?» ብሎ ነው፤ ከዚያም ወሎን፣ ሳይንትን፣ ደንቆሮን በየተገቢው ቦታ ያገባል። ይህን ሳይጠይቅ ስለ ክፍያ የሚጀምረውን በሰላም አሰናብቱት።

ምስክሩን ግን ቅጥረኛው ሊፈጥርላችሁ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ የእኅቴ ልጅ ስልክ ከመብራትነት በቀር የሚሰጠው ጥቅም አልነበረም። አዲስ አበባ የምትኖር አንዲት ደንበኛው ግን ቀደም ብላ የገዛችውን ባና አልጋዋ ላይ አንጥፋ ፎቶግራፍ አንሥታ፣ ከሥሩም ሁለት ክረምት እንደ ለበሰችውና ቀለሙ እንዳልለቀቀ በሦስት መሥመር ጽፋ፣ ስሙን ጨምራ ለጥፋው ነበር። መሥመሩ ተመልሶ ቴሌግራሙን በከፈተ ዕለት፣ አይቶአቸው የማያውቃቸው ሰባት ሰዎች «ያ ባና አለ ወይ?» ብለው ቆይተውታል።