የገና ዛፋችንን ከሣጥናችን እንጀምር
(በማኅበራችን የታኅሣሥ ወር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ገና ደርሷል። ሰሞኑን አምቦ ገበያ የወጣች ሁሉ እንዳየችው፣ በየሱቁ በር ላይ የፕላስቲክ ዛፍ፣ ፊኛ፣ ብልጭልጭ ወረቀትና ባለ ቀለም አምፖል ተሰቅሏል። ልጆቻችንም አይተውታል፤ ቤት ሲገቡም የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ዛፍ ነው።

የማኅበሩን መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ስለ ዛፍ ምን አገባን የምትል አትጠፋም። የሚያገባን በጥር ነው። ጥር ሲገባ የቁጠባው ደብተር ይሳሳል፤ የብድር ክፍያም «ለሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል። በዓል ወጪ አለው፤ ዶሮው፣ ቅቤው፣ ሽንኩርቱ አይቀሬ ነው። ማስጌጫው ግን በእጃችን ነው፤ ልንቀንሰው እንችላለን፤ ቀንሰነውም ቤታችን ሊያምር ይችላል።

አንድ ስሌት እንሥራ። አንዲት እናት ለማስጌጫ ብቻ 600 ብር አወጣች እንበል። በሳምንት 20 ብር ለምትቆጥብ ሴት ይህ የ30 ሳምንት ቁጠባ ነው። ከገና ወደ ኋላ ብንቆጥር ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ፣ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ማለት ነው። ዕቃው ከበዓሉ ማግስት ከተጣለ 600 ብሩ ሙሉ በሙሉ ወጪ ነው። ተጠቅልሎ ተቀምጦ ስድስት ገና ቢያገለግል ግን ለአንድ ገና የሚደርሰው 100 ብር ነው። ቀድሞ ቤት ውስጥ የነበረ ከሆነ ደግሞ ምንም አልወጣበትም። በሒሳብ ቋንቋ ያንዱ ስም ወጪ፣ የሌላው ስም ንብረት ነው።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከመካከላችን ዛፍ ወደ ቤት የማያስገቡ አሉ። ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ቡና አፍልቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ የዋለ ቤት ምንም አልጎደለበትም። ዛፉ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። ንግግራችን ልጆቹ ስለወደዱት ዛፍ ለሚያቆም ቤት ነው።

ልማዱ ከወዴት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። የገና ዛፍ መነሻው የጀርመን አገር ነው። መጀመሪያ ላይ የሚንጠለጠልበት ፖም፣ ለውዝ፣ ብስኩትና የወረቀት አበባ ነበር፤ ሁሉም ከጓዳ የሚወጣ። በ1848 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተሰቧ ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆማ የሚያሳይ ሥዕል በለንደን ጋዜጣ ከወጣ በኋላ ልማዱ በሌላው ዓለም በጣም ተስፋፋ። ዛሬ በሱቅ የምናየው የሚያብረቀርቅ ኳስ ደግሞ ላውሻ ከምትባል የጀርመን የመስታወት ሠሪዎች ከተማ የመጣ ነው። አንድ ድሃ መስታወት ሠሪ ፖምና ለውዝ የሚገዛበት ቢያጣ በሚያውቀው ሙያ ከመስታወት ሠራቸው ተብሎ ይተረካል። ትረካው እውነት ሆነም አልሆነ ቁም ነገር አለው። በስካንዲኔቪያ አገሮችም እስከ ዛሬ ከገለባ የተሠራ ኮከብ ይሰቅላሉ። እኛ ደግሞ ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወር ነው፤ ገለባ የሞላበት አገር ላይ ተቀምጠን የፕላስቲክ ኮከብ እንገዛለን።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። ጽድ ከሥሩ መቁረጥ ይቅር። የሐበሻ ጽድ፣ በኦሮምኛ ጋቲራ የምንለው፣ የአገራችን ዛፍ ነው፤ አድጎ ለምሰሶ እስኪደርስ ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በጊንጪ አጠገብ ያለው የጭሊሞ ደን በመካከለኛው የአገራችን ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው፤ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው አሁንም እዚያ አለ። ለአንድ ሳምንት በዓል ተብሎ የሚቆረጥ ለጋ ጽድ ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ምሰሶና ጥላ ነበር። በየግቢያችን አጥር ሆኖ የቆመው የፈረንጅ ጽድ ግን በየጊዜው መከርከም አለበት። ክርካሚውን ከመጣል ትልልቆቹን ቅርንጫፎች መርጠን በአንድ ላይ ብናስርና አሸዋ በሞላ ጣሳ ወይም አሮጌ ባልዲ ብንተክል ያው ዛፍ ይሆናል። ባልዲውን በነጠላ ቁራጭ መጠቅለል ነው።

ማስጌጫውስ? ከሣጥናችን እንጀምር። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ጨርቁ ቢያልቅም ጥለቱ አያልቅም። ጥለቱን ፈትተን ከላይ እስከ ታች ብንጠመጥመው ከየትኛውም ብልጭልጭ ወረቀት ይበልጣል። የተበጠሰ ዶቃና የልብስ ቁልፍ በክር ይሰካል። ሰፌድ የምትሰፋ እናት ከተረፋት ስንደዶና አለላ ትንሽ ኮከብ፣ ትንሽ ሙዳይ ትሠራለች። የአምቦ ውሃ ቆርኪ በዚህ ከተማ የማይገኝበት ቤት የለም፤ በምስማር ተበስቶ በሽቦ ሲደረደር ያበራል፣ ሲነኩትም ይጮኻል። ጠርሙሱ ግን ተመላሽ ከሆነ ይመለስ፤ እሱ ገንዘብ ነው።

ከቤት ካጣን ቁራሌው አለ። እሱ ከየቤቱ በሚሰበስበው መካከል የድሮ ቆርቆሮ ሣጥን፣ የሻይ ማንኪያ፣ የተሰበረ ሰዓት ይገኛል። ሰልባጅ ተራም አለ። አንድ ቀይ ሹራብ እጅጌው ቢቀደድም ሲተረተር ብዙ የክር ኳስ ይወጣዋል። ልዋጭ የሚዞሩትም ያረጀ ልብስ በዕቃ ይለውጣሉ፤ ከመለወጣችን በፊት ግን ቁልፉንና ጥለቱን እናስቀር። አዲስ አበባ የምትሄድ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራን ትይ፤ ሌላው የጣለው ቆርቆሮና ብረት እዚያ እንደገና ዕቃ ሆኖ ይሸጣል።

ያገለገለ ዕቃ ስንመርጥ አራት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ሽቦው የተላጠ ወይም ሶኬቱ የላላ አሮጌ የመብራት ገመድ በርካሽም ቢሆን አይገዛ። ሁለተኛ፣ የደረቀ ጽድ ዘይት ስላለው በፍጥነት ይቀጣጠላል፤ ጥጥ ከተደረገበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሻማ ከዛፉ ይራቅ። በረዶ ለማስመሰል የምንለጥፈው ጥጥም ቢቀር ምንም አይደል፤ የአምቦ ገና ፀሐይ ነው። ሦስተኛ፣ በድሮ ጊዜ በውጭ አገር ይሠራ በነበረ ብልጭልጭ ክር ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ይገኝ ነበር፤ ቀለሙ የሚረግፍ አሮጌ ነገር ሕፃን በማይደርስበት ይሁን። አራተኛ፣ የአያት ጨሌና የአንገት መስቀል ማስጌጫ አይደሉም፤ የራሳቸው ክብር አላቸው፤ ካሉበት አይነሱ።

አሁን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ወደያዛችሁት እንምጣ። «ልጄ ከጎረቤት ልጅ ያንሳል» የሚል ሥጋት አለ። ቀላል ሥጋት አይደለም። ልጅ ያፍራል፤ እናት ደግሞ ልጇ ሲያፍር ከማየት ተበድራ መግዛት ይቀላታል። ብድሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ልጅ የሚያፍረው በዕቃው ብቻ አይደለም፤ ስለ ዕቃው እኛ በምንናገርበት ድምፅ ጭምር ነው። «ምን ላድርግ፣ አቅም የለኝም» ብለን የሰቀልነው ጥለት የድህነት ምልክት ይሆንበታል። «ይህ አያትሽ ለሠርጓ የለበሰችው ነው፤ ቀስ ብለሽ ያዢው» ብለን ከሰጠናት ግን የጎረቤት ልጆች ሲመጡ መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው። የገዛነው ኳስ ምንም ታሪክ አይነግራትም፤ በየሱቁ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዛፉን ከልጆቹ ጋር እናስጊጠው፤ እያንዳንዱን ነገር ሲሰቅሉ የማን እንደነበር እንንገራቸው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ያገለገለ ዕቃ ስትልኩልን ደስ ይለናል፤ አንንቀውም። የምንለምናችሁ በራሳችሁ ዛፍ ላይ ብትሰቅሉት የማታፍሩበትን እንድትልኩልን ነው። ያገለገለና የተጣለ አንድ አይደሉም። ከቻላችሁ የማን እንደነበረ በአንድ መስመር ጻፉልን፤ ልጆቻችን ይጠይቃሉ።

በመጨረሻ የሙያችንን እንጠይቃችሁ። በዓሉ ሲያልፍ ማስጌጫውን በአንድ ካርቶን አስቀምጡ፤ በክዳኑ ላይ ዝርዝር ለጥፉ፦ ዕቃው፣ ከማን እንደመጣ፣ ዓመተ ምሕረቱ። ማንበብ ያልደረሰባት እናት ልጇ ይጻፍላት። በየዓመቱ አንድ ዕቃ ብቻ ጨምሩ። ለማስጌጫ አስባችሁት የነበረውን ብር ደግሞ በጥር የመጀመሪያው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ በደብተራችሁ ላይ በስማችሁ እንመዘግበዋለን። ትምህርት ቤት ደብተርና ጫማ ሲጠይቅ፣ ወይም ክረምቱ ሲከብድ፣ የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

ለምታከብሩት ሁሉ መልካም የገና በዓል ይሁንላችሁ።