ጥሎ መሄድና አሳልፎ መስጠት
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርእሳችን በየቤታችን ያሉትን፣ ነገር ግን አፍ አውጥተው መናገር የማይችሉትን ፍጡራን ይመለከታል። አህያ፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ ውሻና ድመት ማለቴ ነው። አንድ ሰው እንስሳውን ማኖር ሲያቅተው ምን ማድረግ ይገባዋል? ከእጁስ እንዴት ይውጣ? ከወጣ በኋላ የማን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ እዚህ እኛ ዘንድ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ባለ አንድ መንደር፣ ሁለት ጎረቤታሞችን አጣልቶ ወደ መስጂዳችን አምጥቷቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ አንዲት አህያ ነበረችው። እህል ወደ ገበያ፣ ውኃ ከምንጭ፣ ምርት ከአውድማ ወደ ቤት ስታመላልስ ዓመታት አሳልፋለች። በመጨረሻ ጀርባዋ ተገጠበ፤ ቁስሉ እየሰፋ ሄደ፤ ማነከስም ጀመረች። ሰኔ ገብቶ ገለባው ሲያልቅ ሰውየው ከበረት አውጥቶ ወደ መንገድ ነዳት። «ከእንግዲህ ጅብ ቢበላትም የራሷ ጉዳይ» ሲል ጎረቤቶቹ ሰምተዋል። በዚያው መንደር የምትኖር ባሏ የሞተባት አንዲት እናት አመሻሽ ላይ አህያዋን ከመንገድ ዳር አግኝታ ወደ ግቢዋ አስገባቻት። ቁስሏን በጨው ውኃ እያጠበች፣ ከእንስሳት ጤና ክሊኒክ መድኃኒት እየገዛች፣ ከየማሳው ዳር ሣር እያጨደች ክረምቱን አሻገረቻት። ጥር ላይ አህያዋ ድና ቀላል ሸክም መያዝ ጀመረች። የቀድሞ ባለቤቷ ገበያ ላይ አያትና «አህያዬ ናት፤ መልሽልኝ» አለ። ሴትዮዋም «ጅብ አፍ ላይ ጥለሃት የሄድክ ሰው፣ ዛሬ በየትኛው አፍህ ነው የምትጠይቀኝ?» አለችው።

የተሰጠውን መፍትሔ ከመናገሬ በፊት ዲናችን ስለዚህ ጉዳይ ምን እንደሚል እንመልከት።

ውድ አድማጮች! ቁርኣን በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 38 በምድር ላይ የሚንቀሳቀሱ እንስሳትና በክንፎቻቸው የሚበሩ አእዋፍ እንደ እኛው ሕዝቦች መሆናቸውን ይነግረናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንዲት ድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ሴትዮዋ ድመቷን አሰረቻት፤ አላበላቻትም፤ የምድር ተንቀሳቃሾችን ለቃቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ይህን ሐዲስ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች «እኔ አላሰርኩም፤ ለቅቄዋለሁ» በማለት ከተጠያቂነት የሚያመልጡ ይመስላቸዋል። ወንድሜ ሆይ! መልቀቅ ለዚያች ድመት መዳኛ ይሆናት የነበረው አድና መብላት ስለምትችል ነው። ጀርባዋ የቆሰለና እግሯ ያነከሰ አህያ በምሽት መንገድ ላይ ስትለቀቅ ምን ልትሆን ነው? በሰው እጅ ብቻ በልቶ ያደገ ውሻ ከተማ ዳር ተወስዶ ሲጣልስ? እንዲህ ያለው መልቀቅ ከማሰር አይሻልም።

በሂጅራ አቆጣጠር በ660 ያረፉት ታላቁ የሻፊዒያ ዓሊም ዒዝዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም፣ ቀዋዒዱል አሕካም በተሰኘው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ ቀዳሚው ባለቤቱ ለእንስሳው የሚገባውን ቀለብ መስጠት እንዳለበት የሚያመለክተው ሲሆን፣ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ግዴታው እንደማይነሳ ገልጸዋል። ልብ በሉ! ይህ የተጻፈው ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ቀለቡ የሥራው ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሲቆም ቀለቡም በቆመ ነበር። ነገር ግን ቀለቡ ሐቅ ነው፤ እንስሳው በሕይወት እስካለ ድረስ ይቆያል።

ታዲያ ባለቤቱ በእርግጥ ባይችልስ? ፉቀሃዎች ለዚህ ሦስት በሮችን ከፍተዋል። አንደኛው እንደ ምንም ብሎ ማብላት ነው። ሁለተኛው ሸጦ ወይም ሰጥቶ ወደሚያበላው ሰው ማሻገር ነው። ሦስተኛው ሥጋው የሚበላ ከሆነ ማረድ ነው። አህያን በተመለከተ ሦስተኛው በር ዝግ ነው፤ ምክንያቱም የቤት አህያ ሥጋ በኸይበር ዘመቻ ጊዜ፣ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ሐራም ተደርጓል። ስለዚህ የአህያ ባለቤት ያሉት ሁለት በሮች ብቻ ናቸው፤ ማኖር ወይም ማሻገር። ጥሎ መሄድ የሚባል አራተኛ በር የለም።

ማሻገር ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተማርነው ነው። ኢማም አሕመድ ከየዕላ ኢብኑ ሙርራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ አንድ ግመል ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበ። ባለቤቱን አስጠርተው ሲጠይቁት ውኃ ሲያመላልስላቸው ኖሮ አሁን ስለደከመ ሊያርዱት መወሰናቸውን ነገራቸው። እርሳቸውም እንዲሰጣቸው ወይም እንዲሸጥላቸው ጠየቁት፤ ሰጣቸው። ከዚያም የሰደቃ ግመሎችን ምልክት አድርገውበት ወደዚያው ላኩት። አስተውሉ! ባለቤቱ ሐላል የሆነ የማረድ መብት ነበረው። እንዲያም ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ላገለገለ እንስሳ ከዚያ የተሻለ መጨረሻ ሊኖር እንደሚችል ነቢያችን አሳይተዋል።

ሙስሊሞች ይህን ትምህርት በተግባር ኖረውበታል። ሶሪያዊው ዓሊም ሙስጦፋ አስ-ሲባዒ በደማስቆ «አል-መርጅ አል-አኽዶር»፣ ማለትም አረንጓዴው መስክ የሚባል ሰፊ መሬት ከሥራ ለተሰናበቱ ፈረሶች ወቅፍ ተደርጎ እንደነበር ጽፈዋል። ባለቤቶቻቸው መቀለብ ያልፈለጓቸው ያረጁ ፈረሶች እስኪሞቱ ድረስ በዚያ ይግጡ ነበር። መስጂድና መድረሳ ወቅፍ እንደሚደረግላቸው ሁሉ ለደከመ ፈረስም ወቅፍ ተደርጓል ማለት ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ በስፋት ሲሠሩ የምናየው ሌሎች ናቸው። መልካም ሥራን ማን ሠራው ብለን አንንቅም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶቹን ካይሮ ላይ ሸጦ ሄደ። ዶሮቲ ብሩክ የምትባል ሴት በ1930 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ ስትመጣ እነዚያ ፈረሶች አርጅተውና አጥንታቸው ገጥጦ ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በጋዜጣ ለአገሯ ሰዎች ጽፋ ገንዘብ አሰባሰበች፤ ፈረሶቹንም ከደሃ ባለቤቶቻቸው ላይ እየገዛች አሳረፈቻቸው። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዚያው ካይሮ የእንስሳት ሆስፒታል አቋቋመች። ብሩክ የተባለው ድርጅት የተገኘው ከዚህ ነው። በአገራችንም ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቷል። ዶሮቲ ብሩክ ባለጋሪውን አልሰደበችም፤ ፈረሱን ቀምታም አልሄደችም። ደሃ መሆኑን አውቃ ዋጋውን ከፈለችው።

ዘ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የአህዮች መጠለያ ደግሞ በ1969 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በዶክተር ኤልሳቤት ስቬንድሰን ተመሠረተ። በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ቢሾፍቱ ከሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር በመተባበር ብዙ አህዮችን አክሟል። በእንግሊዝ አገር አህያውን ማኖር ያቃተው ሰው ለዚህ ድርጅት ያስረክባል። ድርጅቱም አህያውን ያክማል፤ ለሌላ ቤተሰብ ከመስጠቱ በፊት የሚሄድበትን ቦታ ያያል፤ ከሰጠም በኋላ ይከታተላል። አህያ ከባልንጀራው ሲለይ ስለሚያዝን ሁለት ሁለት እያደረገ ነው የሚሰጠው።

በተቃራኒው አህያን ለቆዳው ብቻ የሚፈልግ ገበያም አለ። ቆዳው ተቀቅሎ በቻይና ባህላዊ መድኃኒት ይሠራበታል። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ተከፍቶ የነበረው የአህያ ማረጃ በሕዝብ ተቃውሞ ሥራው እንዲቆም ተደርጓል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ተስማምተዋል። ስለዚህ የደከመች አህያህን የሚገዛ ሰው ሲመጣ ወዴት እንደሚወስዳት ጠይቅ። ሰውየው ቢገዛም ጥያቄው ካንተ አይወርድም።

አሁን ወደ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንመለስ። አቡ ዳውድ በሻዕቢ በኩል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በዘገቡት ሐዲስ፣ ባለቤቶቹ መቀለብ አቅቷቸው የለቀቁትን እንስሳ አግኝቶ ነፍስ የዘራበት ሰው እንስሳው የእርሱ እንደሚሆን ተነግሯል። ኢማም አሕመድ ይህን ይዘው እንስሳው የአዳኙ ነው ብለዋል። ኢማም ማሊክ የቀድሞው ባለቤት ሊወስደው ይችላል፤ ግን የወጣበትን ወጪ ይከፍላል ብለዋል። ኢማም ሻፊዒ ደግሞ እንስሳው የባለቤቱ ነው፤ ያዳነው ሰው በበጎ ፈቃዱ ነው ያደረገው ብለዋል። ሦስቱንም ለሁለቱም ሰዎች በግልጽ ነገርናቸው፤ አንዳችም አልደበቅንም። ከዚያ ለሰውየው እንዲህ አልነው፦ «በሻፊዒ ቃል አህያዋን ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ነገር ግን በሰኔ ጥለሃት በመሄድህ ከወንጀል ነፃ ነህ የሚልህ መዝሀብ አናውቅም። አህያዋን ስትወስድ ያንንም ይዘህ ትሄዳለህ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ልጄ፣ የዚያን ቀን የተዋዋልከው ከጅብ ጋር ነበር፤ ጅቡ ይጠይቅ እንጂ አንተ ምን አገባህ?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ራሱን ደፍቶ ቆየና «ገለባ አጥቼ ነው እንጂ ጠልቻት አይደለም» አለ። እውነቱን ነው። ሴትዮዋም ይህን ስትሰማ ልቧ ራራ። በመጨረሻ በሱልህ ተለያዩ፤ አህያዋ የሴትዮዋ ሆነች፤ በመኸር ጊዜ ግን ምርቱን እንዲያስገባባት ለጥቂት ቀናት ልታውሰው ቃል ገባች። ከአቅሟ በላይ እንዳይጭናት እሱም ቃል ገባ።

ወንድሞችና እህቶች! ከዚህ ታሪክ የሚያሳዝነው ምንድን ነው? አህያዋን የሚፈልግ ሰው እዚያው መንደር ነበር። ሰውየው ሰኔ ላይ «ማኖር አቅቶኛል፤ የሚቀበለኝ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ አህያዋ ያን ምሽት ባላሳለፈች፤ እሱም ባላፈረ ነበር። እኛ ዘንድ የደማስቆው መስክ የለም፤ እንደ እንግሊዙ ያለ መጠለያም የለም። ጎረቤትና ጀመዓ ግን አለን። ችግርን ለሰው መናገር ነውር አይደለም፤ ነውሩ ዝም ብሎ መጣል ነው።

ስለዚህ እንስሳውን ማሻገር ግድ የሆነበት ሰው የሚከተሉትን ያስተውል። አንደኛ፣ ገለባው ሳያልቅና ቁስሉ ሳይከፋ ቀደም ብሎ ይናገር። ሁለተኛ፣ ነውሩን አይደብቅ፤ የሚራገጥ ከሆነ ይራገጣል፣ የሚናከስ ከሆነ ይናከሳል ይበል። በሽያጭ ነውር መደበቅ ሐራም እንደሆነ ሁሉ በስጦታም ተቀባዩንና ልጆቹን ለጉዳት ይዳርጋል። ሦስተኛ፣ እንስሳው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ይተላለፍ፤ «እዚያ ሰፈር ለቅቄዋለሁ፤ አንዱ ያነሳዋል» ማለት አማናን ማድረስ አይደለም። አራተኛ፣ በምስክር ፊት «ሰጥቻለሁ» ይበል፤ ነገ ጠብ እንዳይነሳ። አምስተኛ፣ ከወር በኋላ ሄዶ ይጠይቅ።

ከተማ ለመኖር ወይም ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ቤታቸውን የሚዘጉ ቤተሰቦች ስለ ውሻና ድመት ይጠይቁናል። ውሻ ለከብት ጥበቃ፣ ለሰብልና ለአደን መያዝ በሐዲስ ተፈቅዷል። ዋጋው ግን ስለተከለከለ ለሚያስፈልገው ጠባቂ ያለ ዋጋ ይስጡት። ከመስጠታቸው በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የድመት ግልገሎችን በጆንያ ከትቶ ወንዝ መጣል ደግሞ ዙልም ነው። ልጆቻችን ያንን ሲያዩ ምን እየተማሩ እንደሆነ እናስብበት።

መዳን የማይችልና የሚሰቃይ፣ ሥጋው የማይበላ እንስሳ ካለ፣ እርሱን ለማሳረፍ በመግደል ላይ ዑለሞች ተለያይተዋል። በስሜት አይወሰን። የእንስሳት ሐኪሙ ሁኔታውን ያስረዳ፤ ዓሊም ይጠየቅ።

በየመስጂዱ ያላችሁ የጀመዓ ኃላፊዎች ሆይ! ከጁሙዓ በኋላ ስለጠፋ ዕቃ ይነገራል። «እገሌ እንስሳ ማኖር አቅቶታል፤ ማን ይቀበለዋል?» የሚል ማስታወቂያም ቢጨመር ምን ያስከፍለናል? ከመኸር በኋላ ከየቤቱ ጥቂት ገለባ ሰደቃ ተሰብስቦ ለክረምት ቢቀመጥ፣ ያ ገበሬ ያጣው እሱኑ ነበር። ለተጠማ ውሻ ውኃ ያጠጣው ሰው በአላህ ምሕረት እንዳገኘ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በጉበት እርጥበት ያለው ፍጡር ሁሉ አጅር አለበት።

አላህ (ሱ.ወ) በእጃችን ባሉት ደካሞች ሁሉ ላይ አዛኞች ያድርገን። በእነሱ ሐቅ ከሚጠየቁትም አያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።