ዋዛ የዋዛ አይደለም



የአሶሳ በርታዎች ዋዛ ከቅል የሚሠራ መለከት ነው። እያንዳንዱ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ ነፊዎቹ እየተቀባበሉ ዜማውን ይፈጽማሉ፤ ረጅሙ ወፍራም፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣል።

እኛም በቤዝ ጊታርና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ ልናጅባቸው ብንሞክር አልገጠመልንም። ኪቦርዱ ኦክታቩን በ12 እኩል ደረጃ ይከፍላል፤ የሚቃኘውም በሴኮንድ 440 ጊዜ በሚርገበገበው «ላ» ነው። ዋዛው ግን በዚህ ልክ አልተሠራም። በመጀመሪያ «ዋዛው ተበላሽቷል» አልን፤ ኋላ አፈርንበት። የቤዙን ክር አላልተን፥ የኪቦርዱንም ድምፆች አንድ በአንድ ለውጠን በረጅሙ መለከት ልክ ብንቃኛቸው ተስማሙ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ አዲስ መሣሪያ ስንይዝ የገዛ ጆሯችንን አንጣል። እንግዳ ለባለቤት ይቃኝ፤ ዋዛ የዋዛ አይደለምና።