ከ«እኔ» ወደ «እኛ»
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አምስት አባሎቻችን የሁለት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም። ባለፈው ስብሰባ «በቡድን ከሄድን ይቆጡናል፤ እያንዳንዷ በየግሏ ሄዳ ትለምን» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ዛሬ ስለ ትግል መዝሙሮች የምንናገረው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ የሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ለወራት በብርድና በዝናብ በሩ ላይ ተሰለፉ። የዕለቱ ሰልፍ ሲያበቃ ሉሲል ሲመንስ የተባለች ሠራተኛ አንድ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ቀስ አድርጋ ታወጣ፣ ሌሎቹም ይቀበሏት ነበር። መዝሙሩ ቀድሞ «እኔ» ይል ነበር፤ በዚያ ሰልፍ ላይ «እኛ» ሆነ።

ዘፈን ብቻውን ደመወዝ አያስጨምርም። ሴቶቹ የሠራተኛ ማኅበር ነበራቸው፤ ያገኙትም ከጠየቁት ያነሰ ነው። ነገር ግን የቤት ኪራይ የደረሰባት ሴት ነገም ተመልሳ በሩ ላይ እንድትቆም፣ ብቻዋን አለመሆኗን በጆሮዋ መስማት ያስፈልጋታል።

ሠራተኞቹ መዝሙሩን ቴኔሲ ወደሚገኘው የሃይላንደር ትምህርት ቤት ወሰዱት። የሙዚቃ ኃላፊዋ ዚልፊያ ሆርተን ለሌሎች አስተማረችው። «ዊ ሻል ኦቨርካም» ተብሎ በ1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ተዘመረ። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ስለ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ለምክር ቤቱ ሲናገሩ ቃሉን ደገሙት።

እኛ የሒሳብ ሰዎች ደግሞ መዝገብ እናያለን። የመዝሙሩ ባለመብት ሆነው የተመዘገቡት ሙዚቀኞች ገቢውን ለራሳቸው አላደረጉትም፤ በደቡቡ ክፍል ለሚኖሩ ጥቁሮች ሥራ ድጋፍ እንዲውል ለሃይላንደር ሰጡት። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በምዝገባው ላይ የሉሲል ሲመንስ ስም የለም። ገንዘቡ በትክክል ተወራርዶ፣ የሴቲቱ ስም ግን ከመዝገቡ ጎደለ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ አሠሪው ቢሮ አምስቱ ብቻ አይሂዱ፤ መምጣት የምንችል ሁሉ አብረን እንሂድ። ሁለተኛ፣ የሄዱት ሁሉ ስም በቃለ ጉባኤያችን ይጻፍ። ደጋፊዎቻችንም በሪፖርታችን ላይ ከብሩ ቀጥሎ እነዚህን ስሞች አንብቡልን።