የእሳት ራት የተባለችው አይሮፕላን

(በማኅበራችን ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ስለ አይሮፕላን ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፍጥነትንና ከፍታን ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ክንፍዋን አጥፋ ከጋራዥ ስለምታድር ስለ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ነው። ዘመኑን የምንጠራው በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ጄፍሪ ዴ ሃቪላንድ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህችን አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበረራት በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1925 በለንደን አጠገብ ከስታግ ሌን ሜዳ ነው። ስምዋን «ሞዝ» አላት፤ ይኸውም በቋንቋችን የእሳት ራት የምንላት ናት። ክንፎችዋ ላይና ታች የተደረቡ፣ መቀመጫዋ ሁለት፣ አካልዋ ከእንጨት የተሠራ፣ ክንፍዋም ጨርቅ የለበሰ ነበር። ሞተርዋን ያዘጋጀው ፍራንክ ሃልፎርድ ነው። እርሱም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውን ባለ ስምንት ሲሊንደር የሬኖ ሞተር መሠረት አድርጎ፣ በግማሹ ያህል 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። ክንፎችዋ ወደ ኋላ ታጥፈው ከጎንዋ ስለሚጠጉ በመኪና እየተጎተተች ከሜዳ ወደ ቤት ትሄድ ነበር።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ዋጋዋ ከስድስት መቶ ፓውንድ በላይ ስለ ነበረ ባለጸጋ ካልሆነ በቀር ማንም ሊገዛት አይችልም ነበር። መንገዱን የከፈተው የበረራ ክበብ ነው። በዚያው በ1925 የእንግሊዝ የአየር ሚኒስቴር ለክበቦች የገንዘብ እርዳታ መስጠት ስለ ጀመረ፣ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ብዙዎች በማኅበር ሆነው በየተራ መማር ቻሉ።

ከእነዚህ አንድዋ በለንደን በአንድ የሕግ ጠበቃ ቢሮ በጸሐፊነት ትሠራ የነበረችው ኤሚ ጆንሰን ናት። እርስዋ መብረርን ብቻ ተምራ አልቀረችም፤ ከመካኒኮች ጋር እጅዋን በዘይት እያጨቀየች ሞተር መፍታትና መግጠም ተማረች፤ የጥገና ምስክር ወረቀትም አገኘች። በሜይ 5 ቀን 1930 በአባትዋና በሎርድ ዌክፊልድ እርዳታ በተገዛች ያገለገለች ጂፕሲ ሞዝ ብቻዋን ከክሮይደን ተነሣች። በበርማ አገር ከራንጉን አጠገብ ኢንሴን በተባለ ስፍራ ስታርፍ ግን አይሮፕላንዋ ቦይ ውስጥ ገባችና ክንፍዋና ፕሮፔለርዋ ተጎዱ። በዚያ የነበረው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሰዎች ከእርስዋ ጋር ሆነው ጠገኗት። በሜይ 24 አውስትራሊያ ዳርዊን ደረሰች። በርት ሂንክለር በ1928 ያስመዘገበውን ጊዜ ባታሻሽልም፣ ብቻዋን ከእንግሊዝ አውስትራሊያ የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

እንዲህ ያለ ሥራ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር በአዲስ አበባ «ጸሐይ» የተባለችውን ትንሽ አይሮፕላን ሠርቷል። ኢጣልያኖች ወስደዋት ብዙ ዘመን በሙዚየም ከቆየች በኋላ በ2024 ወደ አገርዋ ተመልሳለች። በመመለስዋ ሁላችን ደስ ብሎናል። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ያንዱን ሞተር ክዳን ከፍተን ያየን?

እኛ ራሳችንን ስንመረምር፣ የሞተርን ሥራ በሰሌዳ ላይ ሥለን ጥሩ ነጥብ እናገኛለን፤ ካቻቪቴ ስንጨብጥ ግን እጃችን ይንቀጠቀጣል። በወርክሾፕ ያሉት መሣሪያዎች እንዳይበላሹ እየተባለ ተቆልፎባቸዋል። ቁልፉን የያዙትን ብቻ መውቀስ አይገባንም፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈትልን ብለን በማኅበራችን ስም ጠይቀን አናውቅምና።

ስለዚህ ጉባኤው ሳይበተን ጥያቄው በጽሑፍ እንዲቀርብ ሐሳብ እናቀርባለን። ለሚሰበረውም ዕቃ ከየኪሳችን ጥቂት ጥቂት እናዋጣ። የለንደን ጸሐፊዎች ያገኙትን ያገኙት በማዋጣት ነውና።