ሩዙ ሳይታጨድ የሚበላው አራጣ

እሷ፦ ክረምት ሲገባ ፎገራ ላይ የአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚጠና ገበሬ አይጠፋም።

እሱ፦ ምን ያድርግ? ሩዙ የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። አረሙ ግን ቀን አይሰጥም።

እሷ፦ ልክ ነህ። ግን ወለዱን አስላው፤ በወር ከመቶ 10 ቢሆን በዓመት ከመቶ 120 ነው።

እሱ፦ ከዋናው በለጠ እኮ!

እሷ፦ አዎ። ምርቱን በርካሽ ሸጦ ይከፍላል፤ ክረምት ሲመጣ እንደገና ይበደራል።

እሱ፦ ሕግስ?

እሷ፦ አለ እንጂ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች ብድር ላይ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳያልፍ ይከለክላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል።

እሱ፦ ማን ይከሳል ብለሽ ነው? ከርሞም የሚያበድረው ያው ሰው ነው።

እሷ፦ ለዚህ እኮ ነው ሌላ በር የሚያስፈልገው። የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፣ ፀደይ ባንክ አለ።

እሱ፦ ባንኩ ዋስ ይጠይቃላ!

እሷ፦ እውነት ነው። ስለዚህ ቁጠባው ሩዙ በተሸጠ ማግስት ይጀመር፤ ከመስኖ ሽንኩርቱም ይታከልበት።

እሱ፦ ያለበትስ ዕዳ?

እሷ፦ በሽማግሌ ፊት ይተሳሰቡ። ወለዱ ይቁም፣ ዋናው በየምርቱ ይከፈል።

እሱ፦ በዚህ እስማማለሁ። እኔም ልጨምር፦ አድማጮቻችን፣ ገንዘቡ ባልተጻፈበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ።